የድሬዳዋ ዱራንታ አጥር ለምን ይገረጣል? ውሃ ጠምቶት አይደለም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሳቢያን ነው ምኖረው። አምና መስከረም ላይ በብሎኬት አጥራችን ስር፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቄ፣ 12 ሜትር ቦታ ላይ 60 ዱራንታ ተከልኩ። መጀመሪያ ቆንጆ ነበር፣ ከጥር ወዲህ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ደም ስሩ ብቻ ነው አረንጓዴ የቀረው። ከስር ደግሞ ራቁቱን ነው፣ ቅጠል ያለው ከላይ ብቻ። ጠዋት ጠዋት በጎማ አጠጣዋለሁ፣ ዩሪያ ሁለቴ ሰጠሁት፣ እናቴም የከሰል አመድ ትደፋበታለች። ሚገርመው ጥግ ላይ የኤሲ ውሃ ሚንጠባጠብባቸው ሁለቱ ጥቁር አረንጓዴ ናቸው፣ ስለዚህ ውሃ አንሶት ነው ብዬ በቀን ሁለቴ ማጠጣት ጀመርኩ፣ ባሰበት። አሁን ግንቦት ገባ፣ ሙቀቱም መጣ። ከሐረር ቀይ አፈር በአይሱዙ ላስመጣ? ወይስ ሁሉንም ነቅዬ ጥድ ልትከል?»

ምላሽ፦ አትንቀል፣ አፈርም አታስጭን፣ ጥዱንም እርሳው። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ፣ የኤሲው ውሃ ላይ ደርሰህ አቅጣጫ ሳትክ እንጂ። ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ የለመለሙት ውሃ ስለበዛላቸው ሳይሆን ውሃው ሌላ ስለሆነ ነው። ኤሲ ሚያንጠባጥበው ከአየር ላይ የተሰበሰበ እርጥበት ነው፣ ከዝናብ ውሃ ብዙም አይለይም፣ ኖራ የለበትም ጨው የለበትም። ለ58ቱ ምትሰጣቸው ደግሞ ከጉድጓድ የሚወጣውን የድሬን ውሃ ነው። እሱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግህም፣ ሻይ ምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ክፈትና ውስጡን እየው፣ ያ በጥፍር ሲፍቁት እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ሚወጣው ነጭ ነገር ኖራ ነው። በቀን ሁለቴ ዱራንታው ስር ምትጨምረው እሱን ነው።

ወደሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላጣራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዱራንታ ሁለት አይነት ነው ገበያ ላይ ያለው፣ አረንጓዴውና ቢጫው። ቢጫው (ወርቃማው ሚሉት) ተፈጥሮው ነው፣ ፀሐይ የሚያገኘው አዲስ ቅጠል በሙሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ይሆናል፣ እሱን ለማከም መሯሯጥ ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ሰው ለዚህ ቢጫ ዱራንታ አንድ አመት ሙሉ ማዳበሪያ ሲያጠጣ አይቻለሁ ወላሂ። ያንተ ግን እሱ አይደለም፣ ደም ስሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ነው የገረጣው ብለሃል፣ ይሄ የታወቀ ምልክት ነው።

ቅጠል ማንበብ ቀላል ነው፣ ከየት እንደጀመረ ማየት ብቻ ነው ሚፈልገው። ቢጫው ከታች ካሉት ያረጁ ቅጠሎች ከጀመረና ቅጠሉ ደም ስሩን ጨምሮ ከገረጣ ናይትሮጅን አንሶታል፣ ያኔ ዩሪያህ ይሰራል። ጫፍ ላይ ካሉት ለጋ ቅጠሎች ከጀመረና የደም ስሩ መረብ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ብረት ነው ያነሰው፣ ሲብስ ለጋው ቅጠል ነጭ ሊመስል ምንም አይቀረው። ዳር ዳሩ ብቻ እንደተጠበሰ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ጨው በዝቶበታል። አንድ አራተኛ ነገር አለ፣ ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ቀይ ሸረሪት ሚሏት በአይን ለማየት ምታስቸግር ደቃቅ ተባይ ትመጣለች፣ ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። ነጭ ወረቀት ስር አድርገህ ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርገው፣ ወረቀቱ ላይ የወደቀው አቧራ መራመድ ከጀመረ ተባዩ ነው። ለሱ መርዝ አትሩጥ፣ በጎማ የቅጠሉን ስር በኃይል እጠበው፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለት ሶስት ሳምንት።

እንግዲህ ያንተ ብረት ነው ካልን፣ «እና ብረት ልጨምርለት» ትለኛለህ። ችግሩ አፈርህ ውስጥ ብረት ጠፍቶ አይደለም፣ ሞልቶታል፣ ግን ታስሯል። ኖራ የበዛበት አፈር ውስጥ ብረት ስሩ ሊስበው ማይችል ነገር ሆኖ ይቀመጣል። ዱራንታ ደግሞ የዚህ አገር ሰው አይደለም፣ ከአሜሪካ አህጉር፣ ከካሪቢያንና ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣ ቁጥቋጦ ነው፣ ሙቀቱን ይወደዋል፣ ፀሐዩን ይወደዋል፣ ኖራውን ግን ብዙም አልለመደውም። ባንተ ላይ ደግሞ ኖራ ከሁለት በኩል ነው የመጣው፣ አንዱ ውሃው ነው፣ ሌላው ግድግዳው። አጥሩ ሲሰራ የተረፈው ሲሚንቶ፣ የልስን ፍርፋሪ፣ የብሎኬት ስብርባሪ የት ይሄዳል? እዛው ግድግዳው ስር ይቀበራል፣ አንተም አንድ ስንዝር ርቀህ የተከልከው እሱ ላይ ነው። ማረጋገጥ ከፈለክ ከግድግዳው ስር አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር አንሳ፣ ከግቢው መሀል ሌላ እፍኝ፣ ሁለቱም ላይ አቼቶ ጠብ አድርግበት፣ ከሌለህ ሎሚ ጨምቅበት። እንደ አምቦ ውሃ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። በደንብ ካዳመጥከው ሺ ሲል ትሰማዋለህ ሁሉ፣ የግድግዳው ስር ይበልጥ ከጮኸ የግንበኞቹ ስጦታ ነው።

አሁን እናትህ ጋር ቀስ ብለህ ተነጋገር። የከሰል አመድ ራሱ እንደ ኖራ ነው ሚሰራው፣ ደጋ ላይ፣ ጎምዛዛ (አሲዳማ) አፈር ላይ ቢሆን መድኃኒት ነበር፣ የኛ አፈር ላይ ግን በእሳት ላይ ላምባ ነው። ዛሬ ይቁም። የቡና አተላ እንደፈለጉ ይድፉ፣ ሚጎዳው ነገር የለም፣ አፈሩን ያጎመዝዘዋል ሚባለው ግን ተረት ነው፣ ከተፈላ በኋላ የቀረው ዝቃጭ ይሄን ያህል ጉልበት የለውም። የልብስ እጣቢ አልጠቀስክም፣ ምናልባት እሱም ካለ አቁመው፣ በተለይ በረኪና ያለበትን። ሳሙናው ሶዲየም አለበት፣ አፈሩን ይደፍነዋል።

ዩሪያውስ? ዩሪያ ተክሉን እደግ ብሎ ይገፋዋል፣ እሱም አዲስ ቅጠል ያወጣል፣ አዲስ ቅጠል ደግሞ ብረት ይፈልጋል፣ ብረቱ የለም፣ ስለዚህ ብዙ ቢጫ ቅጠል ታገኛለህ። በዛ ላይ እንዲህ ሞቃትና ኖራማ አፈር ላይ ከላይ ብቻ ከተበተነ ቀላል የማይባለው አሞኒያ ሆኖ በአየር ይሄድብሃል፣ ያ ሚሸተው ገንዘብህ ነው። ዳፕ ስጠው ያለህ ሰው ካለም እንዳትሰማው፣ ፎስፈረስ ሲበዛ ብረቱን ጭራሽ ያርቀዋል።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ጥፋት እዚህ ስለሆነ። ጠዋት በጎማ አምስት ደቂቃ ስትረጭ መሬቱ ጥቁር ይላል፣ አንተም ጠጣ ብለህ ትሄዳለህ። አካፋ ወስደህ ካጠጣህ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከስሩ ጎን ቆፍረህ እየው፣ አራት አምስት ሳንቲ እርጥብ ነው፣ ከዛ በታች ዱቄት ነው። ስሩ የት ይሂድ? እዛው አራት ሳንቲ ውስጥ ይርመሰመሳል። ቀን ላይ ፀሐዩ ያንን ውሃ ያተነዋል፣ ውሃው ይሄዳል ኖራውና ጨው ይቀራል፣ ማታ ደግሞ ሌላ ትጨምርበታለህ። ይሄን በቀን ሁለቴ፣ ለወራት አስበው። ከላይ ያለችው እርጥብ አፈር ደግሞ ሁሌ በውሃ ከተያዘች ስሩ አየር ያጣል፣ አየር ያጣ ስር ኖራማ አፈር ላይ ብረት መሳብ ይበልጥ ያቅተዋል። ለዚህ ነው ሁለቴ ስታደርገው የባሰበት።

ስለዚህ ማጠጣቱን አትቀንስ፣ ቀናቱን ቀንስ፣ መጠኑን ጨምር። በዚህ ሙቀት በሳምንት ሁለቴ፣ ግን እስኪጠግብ። ለ12 ሜትር መስመር በአንዴ 10 ጀሪካን ማለትም 200 ሊትር ገደማ አስብ፣ ከስሩ ራቅ አድርገህ ቦይ አውጣና በቦዩ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ። ብዙ ይመስላል አይደል? አሁን በየቀኑ ምትረጨውን ሳምንቱን ደምረው፣ ብዙም ልዩነት የለውም፣ ያሁኑ ፀሐይ ነው ሚጠጣው። ውሃ በፈረቃ ሚመጣበት ሰፈር ላይም ይሄ አካሄድ ይሻላል፣ በመጣ ቀን አጥግበህ ትተኛለህ። ሲቆፈር 30 ሳንቲ ድረስ እርጥብ ከሆነ በቃ። በታህሳስና በጥር በሳምንት አንዴ ይበቃዋል።

ከዛ አልብሰው። ፀሐይ የሚያገኘው ባዶ አፈር ድሬ ላይ ምጣድ ነው። ደረቅ ሳር፣ የባቢሌ ለውዝ ቅርፊት ካገኘህ (እሱ አንደኛ ነው፣ አይበርም፣ ቶሎም አይበሰብስም)፣ አንድ እጅ ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ፣ ግንዱን ሳይነካ። ገራባ (የጫት ጥራጊ) አድርጌበታለሁ ያለኝ ጎረቤት አለኝ፣ ሀሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ግን በነጋታው የሰፈሩ ፍየል በሙሉ ግቢው ውስጥ ነበር።

የሐረር አፈር ነገር። አቦ ገንዘብህን አስቀምጥ። ቀይ አፈር አምጥተህ ጉድጓድ ውስጥ ብትሞላው፣ ውሃው ያው የድሬ ውሃ ነው፣ ቀስ በቀስ ራስህ ኖራማ ታደርገዋለህ፣ ዙሪያው ያለው የግንባታ ፍርስራሽም ባለበት አለ። በዛ ላይ ስሩ ለስላሳዋ አፈር ውስጥ እንደ ቅል ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፣ ወደ ውጭ አይወጣም። የአይሱዙውን ኪራይ ሩብ እንኳ በማይሆን ብር የበሰበሰ ፍግ ግዛ። ፍግ ሲብላላ ስሩ አካባቢ ያለችውን አፈር ትንሽ ያጎመዝዛታል፣ ብረቱንም ይዞ ለስሩ ያቀርባል። የበሰበሰ አልኩ፣ ትኩሱን ካደረክበት ታቃጥለዋለህ።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮህን ተጠቀምበት። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 50 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ ወደ 1,000 ሊትር ውሃ ነው፣ ኖራ የሌለው፣ ነፃ። ድሬ በአመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፣ ከፊሉ በበልግ፣ ብዙው ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ አብዛኛው ግን ከጣራ ወርዶ በአሸንዳ ደጅ ይሄዳል። አንድ በርሜል አሸንዳው ስር አድርግ። የኤሲውን ቱቦም ከሁለቱ ላይ አንሳና ጀሪካን ውስጥ አስገባው፣ በደረቅ ወር ብዙ አይሰጥህም፣ ግን በጣም ለገረጡት በተራ ስጣቸው።

ብረቱን በቀጥታ መስጠትስ? ይሄ ልክ አለው፣ አላታልልህም። አይረን ሰልፌት አፈር ላይ ብትበትን ባንተ አፈር ላይ ወዲያው ታስሮ ይቀራል፣ ጥቅም የለውም። ቅጠል ላይ ብትረጨው፣ 1 ሊትር ውሃ ላይ 5 ግራም፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማታ ላይ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ያረፈበት ቦታ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሚወጣው ቅጠል ግን ያው ቢጫ ነው። ማስታገሻ ነው በለው። ግድግዳህና ሴራሚክህ ላይ ካረፈ ደግሞ ዝገት ሆኖ ይቀራል፣ አይለቅም፣ አስቀድሜ ነግሬሃለሁ። ቼሌት ሚባለው፣ ብረቱ አፈር ውስጥ እንዳይታሰር ተይዞ የተዘጋጀው፣ ይሻላል፣ ግን ቼሌትም ሁሉ አንድ አይደለም፣ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚል ከሆነ ኖራማ አፈር ላይ ቶሎ ይፈርሳል፣ ኢ.ዲ.ዲ.ኤች.ኤ. የሚለው ነው ሚሰራው። ውድ ነው፣ ሁሌም አይገኝም። ለ12 ሜትር የቤት አጥር እሱን ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ድኝ አፈሩን ያጎመዝዛል ሚሉም አሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን አቼቶ ሲያርፍበት ሚጮህ አፈር ላይ ያንን ሁሉ ኖራ ለመጨረስ ሚያስፈልገው ድኝ በኩንታል ነው።

አሁን ወደ ራቁቱ ነገር። 12 ሜትር ላይ 60፣ በየ20 ሳንቲው አንድ ማለት ነው። ችግኝ ሻጩ ደስ ብሎታል። ለዱራንታ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ይበቃል፣ እየተጋፉ ስለሆነ ሁሉም ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ሸሽተዋል፣ ከስር ማን ቅጠል ያወጣል? ስለዚህ አንዱን እያለፍክ አንዱን ቁረጥ። ቁረጥ ነው ያልኩህ፣ አትንቀል፣ ስራቸው ተጠላልፏል፣ አንዱን ስትጎትት የጎረቤቱን ይዘህ ትመጣለህ። በመጋዝ ከመሬት እኩል ቁረጥ፣ ቡቃያ ሲያወጣ በጣትህ ቀንጥሰው፣ ጥቂት ወር ነው ከዛ ይተዋል። ጥግ ላይ ያሉትን ሁለቱን አትንካ፣ ከሶስተኛው ጀምር። ልብህ እንደማይችል አውቃለሁ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው ሚያመነታው፣ ገንዘብ የወጣበት ነዋ።

ቅርጹንም ሳላየው አውቀዋለሁ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ፣ ጃንጥላ። መከርከሚያ መቀስ ይዞ ቆሞ የሚከረክም ሰው ሁሉ ሳያውቀው ጃንጥላ ነው ሚሰራው፣ ምክንያቱም እጅ ከላይ ነው ሚቀናው። መሆን ያለበት ግልብጡ ነው፣ ከስር ሰፋ አድርገህ ወደ ላይ ትንሽ እያጠበብክ፣ ፀሐይ እስከ መሬት ድረስ እንዲያየው። ሌላው ጥፋት ችግኙ ወደሚፈለገው ቁመት እስኪደርስ ሳይነካ መተው ነው። ገና ጉልበት ላይ ሳይደርስ አንገቱ መቆረጥ ነበረበት፣ ያኔ ነው ከስር ሚፈለፈለው። አሁንም አልረፈደም፣ ዱራንታ አሮጌ እንጨት ላይ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል፣ 30 ሳንቲ ላይ ልታወርደው ትችላለህ። ግን በግንቦት እንዳታደርገው! ሙቀቱና ገርጥቶ መድከሙ ላይ መላጨት ሲጨመርበት ይሞትብሃል። ሐምሌ ላይ፣ ሁለት ሶስት ደህና ዝናብ ከወረደ በኋላ፣ ያውም ለጋው ቅጠል አረንጓዴ መሆን ከጀመረ ብቻ። ካልጀመረ ክርከማውን እስከሚቀጥለው በልግ አቆየው።

ጥዱን በተመለከተ እኔ ራሴ የሰራሁትን ልንገርህ። ከአመታት በፊት፣ ገና ስራ ስጀምር፣ ለአንድ ሰው ግቢ ጥድ አስተከልኩ፣ አዲስ አበባ ያየሁት አምሮኝ። ሁለት አመት ቆንጆ ሆነ፣ ሶስተኛው ላይ ሰኔ ሲገባ በፀሐይ መግቢያ በኩል ያለው ቀላ፣ እኔም ደረቁን ላስወግድ ብዬ ወደ ውስጥ ከረከምኩት፣ ጨዋታው እዛ ጋ አለቀ። ጥድ እንደ ዱራንታ አይደለም፣ አረንጓዴውን አልፈህ ቡናማው እንጨት ላይ ከቆረጥከው እዛ ቦታ ላይ መልሶ አያበቅልም፣ ቀዳዳው ዘላለም ይኖራል። የደጋ ዛፍ ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ ነው፣ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ መስኮቱን የምትዘጋው ለምን ሆነና። የሐረር ሰው ጥድ ቢተክል አልከለክለውም፣ ኖራውን ግን እሱም በአቼቶ ይፈትሽ።

ከተቆረጡት መሀል ክፍተቱ ካስጠላህ ወይም ሌላ በኩል አዲስ አጥር ካሰብክ፣ ለድሬ እኔ መጀመሪያ ምጠራው አጋም ነው። ሁሌ አረንጓዴ ነው፣ እሾሁ ሌባም ፍየልም አያሳልፍም፣ ፍሬው ይበላል፣ ድርቅ ይችላል። ቀርፋፋ ነው ብቻ፣ ሶስት አራት አመት ታገሰው። ክትክታም በነዚህ ደረቅና ድንጋያማ ተራሮች ላይ ማንም ሳያጠጣው የቆመ ነው፣ ለስላሳ አጥር ለሚፈልግ ይሆናል። ኮሽም ጨዋማ ውሃ ሳይቀር ይቋቋማል፣ እሾሁ ግን ረጅም ነው፣ ልጅ ሚጫወትበት ጥግ ላይ አታድርገው። ሂና ሙቀቱን ከሁሉም በላይ ይችላል፣ ሲጠማው ግን ቅጠሉን ያራግፋል። ቅንጭብ ማንም አይነካውም፣ ያለ ውሃም ይኖራል፣ ነገር ግን ሲቆረጥ ሚወጣው ወተት አይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ነው፣ ልጆች ካሉ እኔ አልመክርም።

የልጅ ነገር ከተነሳ፣ ዱራንታህም ንፁህ አይደለም። አበባው ከረገፈ በኋላ ሚንጠለጠለው ወርቃማ ፍሬ ከረሜላ ይመስላል፣ ወፍ ይበላዋል ምንም አይሆንም፣ ሰው ላይ ግን መርዝ ነው፣ ውሻም ላይ። ግቢው ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ አበባውን ገና በአበባነቱ ከርክመው፣ ፍሬ እስኪሆን አትጠብቅ። ከበላ ደግሞ ወተት ምናምን እያሉ ሰዓት ከማባከን ቅርንጫፉን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

እና ነገ ጠዋት ጎማውን አታንሳ። አመዱን አስቁም፣ ላዩ ላይ የተከመረውንም በአካፋ ገፈህ አውጣው፣ አቼቶውን ሞክር፣ ማታ ላይ አንዱን እያለፍክ ቁረጥ፣ ፍጉን አግባ፣ አጥግበህ አጠጣ፣ አልብሰው፣ ሶስት ቀን ሙሉ አትየው። የገረጡት የድሮ ቅጠሎች አብዛኞቹ አይመለሱም፣ እነሱን እያየህ ተስፋ እንዳትቆርጥ። ምታየው ጫፉ ላይ አዲስ ሚወጡትን ሁለት ቅጠሎች ነው። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ እነሱን ከጥጉ ሁለት ተክሎች ቅጠል ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ በጥላ ውስጥ እንጂ ፀሐይ ላይ አታንሳው፣ ፀሐይ ሁሉንም ቢጫ ያስመስለዋል።